የኮቱ አራተኛ ቁልፍ

ሜትር ባሏ መጠጥ ካቆመ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ኮቱን ልትተኩስ ዘረጋችና፣ ከላይ ያለው የመጀመሪያው ቁልፍ በእሷ እጅ የተተከለ አለመሆኑን አየች። ካውያውን አቆመች። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየች። አልተሳሳተችም።

«ሜትር» የሰፈር ስሟ ነው። መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ፣ ገበያ ስትወጣ እንኳ ረስታ ይዛው ስለምትሄድ፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት፤ ባሏም ጭምር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፍታለች፤ ሌላው ሰው የሰው ፊት እንደሚለይ እሷ ስፌት ትለያለች። ቁልፍ ስትተክል ክሩን በሁለት ትይዩ መስመር ታሳልፋለች፣ ከሥር አንገት ታበጅለታለች፣ ቋጠሮውን በውስጥ በኩል ትደብቃለች። ይሄኛው ግን ክሩ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ፣ ቋጠሮው በላይ በኩል ዓይኑን አፍጥጦ ወጥቷል። ክሩ ደግሞ ሰም የጠጣ ቡናማ ነው። ጥቁር ኮት ላይ በቡናማ ክር ቁልፍ የምትተክል ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? ሜትር መጀመሪያ የጠየቀችው ይሄንን ነው። ሴት መሆኗንማ አልተጠራጠረችም፤ ባሏ የሚያውቃቸው ወንዶች መርፌ የሚያውቁት ሐኪም ቤት ብቻ ነው።

ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው። ድሮ የመቁረጫ አልማዙን አንዴ መስታወቱ ላይ ካስኬደ በኋላ በጣቱ ነካ ሲያደርገው፣ መስታወቱ ምንም ሳይጮህ ለሁለት ይከፈልለት ነበር። መጠጡ ሲብስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቃው አልማዙን ተቀብሎ ጨርቅ ሰጠው፣ የሱቁን መስታወት ጠራጊ አደረገው። አሁን አልማዙ ገና አልተመለሰለትም፤ ሊመለስለት እንደሆነ ግን ወሬ አለ። ቤት ውስጥ ትልቁ ተስፋ ይሄ ነበር፣ ሜትር ቁልፉን እስካየችበት ቀን ድረስ።

ማታ ስትጠይቀው ወልቆበት እዚያው እንደተተከለ ነገራት። «እዚያው» ማለት ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄድበት፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። ማን ተከለልህ ስትለው ኮቱን ከእጇ ወስዶ በቀስታ ሰቀለ።

«የዚያ ነገር እዚያው ነው የሚቀረው፣ ሜትር። ስምም አይነሳም። ሕጋችን ነው» አላት።

ሕጋችን! ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር አንድ ቀን እንኳ «ሕጋችን» ብሎ አያውቅም። ነገሩ አልዋጥ አላት። በዚያ ላይ ይበልጥ ያንገበገባት ራሷ መላኳ ነው። ከሰፈሩ ፋርማሲ ሴትዮ የስብሰባውን ስልክ ቁጥር ለምና የተቀበለችው እሷ፣ በጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ጠርዝ ላይ የጻፈችው እሷ፣ ደውላ ስልኩን ጆሮው ላይ የለጠፈችው እሷ። ቦታው የት እንደሆነ እንኳ አልነገራትም። በገዛ እጇ አውጥታ ለሰው ሰጠችው ማለት ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። መስታወት ቆራጩ በሚጠጣበት በዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሜትር መከራዋን በልታለች። በየደጁ ፈልጋዋለች፣ ደግፋ አምጥታዋለች፣ ጫማውን አውልቃለታለች። ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትከሻዋ ላይ ራሱን ጥሎ ያለቅስ ነበር። የአባቱን ጭካኔ፣ የልጅነት ፍርሃቱን፣ የሚያፍርበትን ሁሉ ይዘረግፍላት ነበር። «አንቺ ባትኖሪ አልቆልኝ ነበር» ይላት ነበር። ጠዋት ያንን አያስታውሰውም፤ እሷ ግን ታስታውሰዋለች። አሁን ማክሰኞ ማታ ፊቱ ተረጋግቶ ይመጣል፣ የበላበትን ሳህን ራሱ ያጥባል፣ ደህና እደሪ ብሎ ይተኛል። የሚዘረግፈውን ሌላ ቦታ ዘርግፎ ነዋ የሚመጣው።

ስልኩም አለ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣና ለአንድ ሰው ይደውላል። ገላውን ሲታጠብ ስልኩን አንስታ አየችው፤ የተደወለለት ሰው በስሙ አልተጻፈም፣ «ማክሰኞ» ነው የሚለው። በማግስቱ የጓሮው በር ሥር ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ብዙ አላወራም። በመጨረሻ ላይ ግን ከልቡ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ «አመሰግናለሁ» ሲል ሰማችው። ለእሷ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያ ብሎ አመስግኗት አያውቅም፤ ጫማ ለሚያወልቅ ሰው ምስጋና የለም።

በሁለተኛው ወር ሁለተኛው ቁልፍ ተቀየረ። በሦስተኛው ወር ሦስተኛው። ያው ቡናማ ክር፣ ያው ዓይን ያወጣ ቋጠሮ። ሜትር ቀድሞ ያልገባት ነገር አሁን ገባት፦ የእሷ ቁልፍ አይወልቅም። ጨርቁ አልቆ ቢበጣጠስ እንኳ የሜትር ቁልፍ ከቁራጩ ጋር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፎቹ አልወለቁም፤ ሰው በመቀስ እየቆረጣቸው ነው። አንዲት ሴት በየወሩ የሜትርን ክር እየበጠሰች የራሷን ትተክላለች። ከዚህ በላይ ንቀት ምን አለ?

አራተኛው ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባሏ ሲታጠብ ኮቱ ወደተሰቀለበት ሄዳ የታችኛውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። አለ፤ የእሷ ነው። ይሄንን ብላ ትተኛለች። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ አላስችል አላት። ባሏ ቅዳሜ ከሥራ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ያንን አሮጌ የጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ፈልጋ ቁጥሩን ደወለች። ሻካራ ግን ደግ የሴት ድምፅ አነሳ። ሜትር ስብሰባው የት እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ ቅዳሜም እንዳለ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት መኪና መንዳት የሚያስተምሩበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ መሆኑን፣ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጀምር አስረዳቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ለራስሽ ነው፣ ልጄ?» አለቻት።

ሜትር እውነቱን ብትናገር በሩ እንደሚዘጋባት ገመተች። «አዎ፣ ለራሴ ነው» አለች።

«ጎበዝ። ነይ በቃ።»

ጎበዝ መባሉ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ተናደደች። ባሌንም እንዲህ እያለችው ነው አለች በልቧ።

ከመውጣቷ በፊት ያደረገችውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ፣ ባለፈው ዓመት ከባሏ የቀማችው አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ነበር። ለእድፍ ማስለቀቂያ ይሆነኛል ብላ ነው ያስቀረችው፤ ለማን እንደምትዋሽ እንጃ። አወጣችው። በመለኪያዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። ስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ከበር የሚገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አቆመችው። ይምረጥ አለች። ሆዷ ግን ሌላ ነበር የሚለው፤ ጠጥቶ ይጠብቀኝ፣ ጫማውን ላውልቅለት፣ ትከሻዬ ላይ ያልቅስ። የእኔ ይሁን። ይሄንን ስታስብ ፊቷ ጋለ፤ ጠርሙሱን ግን አላነሳችውም። በሩን ዘግታ ወጣች።

አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ሴትዮዋን በሐሳቧ ሠራቻት። ቁመቷን ሰጠቻት፣ አንገቷን ረዘም አደረገችው፣ ወገቧን ስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ላይ አሰረችው። ጥፍሯን ቀይ ቀባችው። እስክትወርድ ድረስ ሴትዮዋ አምራ፣ ሜትር አንሳ ቀርታለች።

ሕንፃው ሥር ያለው ጥበቃ የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ጠየቃት። «የ… ሰዎቹ» አለች። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ሰው መሆኑን ነገራት። አፍራ ደረጃውን ወጣችና የመጀመሪያውን በር ከፍታ ገባች። አንድ መምህር ቁልቁለት ላይ መኪና እንዴት እንደሚቆም ያስተምራል። አዲስ ተመዝጋቢ ነሽ ወይ ሲላት አዎ ብላ ተቀመጠች። በአንድ ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነው። እጅ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ በደንብ ከተማረች በኋላ፣ በግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተትና ሰው ሲስቅ ሰማች። መለኪያዋን አንገቷ ላይ አስተካክላ ወጥታ የሚቀጥለውን በር ገፋች።

አሥር የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ ያለችው አሮጊት ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ «የደወልሽው አንቺ ነሽ አይደል? ነይ እዚህ» ብላ ጎኗ አስቀመጠቻት። ድምፁ ያው ሻካራው ድምፅ ነው። ሜትር ወገቧን በዓይኗ ለካችው፤ መቶ አሥር ቢያንስ። ፊቷ የተጨማደደ፣ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ወዲያው ራሷ ነገረቻት። ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ ስታነሳ እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሠላሳ ዓመት የጠጣሁት ነው፣ ይሄ አይመለስም፣ አለች እየሳቀች። ሜትር ያንን እጅ አፍጥጣ አየችው። ይሄ እጅ እንኳን ቁልፍ ሊተክል መርፌ አያነሳም። እሷ አይደለችም። ታዲያ ማን ናት? ዓይኗ ክቡን ዞረ፤ ከአሮጊቷ በቀር ሁለት ሴቶች አሉ፣ የሁለቱንም ጣት መረመረች።

አንድ ወፍራም የከባድ መኪና ሹፌር ዛሬ አንድ ወር እንደሞላው ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። አሮጊቷ ከወንበሯ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ሰጠችው። ሹፌሩ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ መቀስ፣ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ቡናማ ክር።

ሜትር ክሩን ለየችው።

ሹፌሩ ጃኬቱን አውልቆ የመጀመሪያውን ቁልፍ ራሱ ቆረጠው። ከዚያ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባ ታገለ። አንዴ፣ አምስቴ፣ ሃያ ጊዜ ሳተ። ላቡ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ማንም አልረዳውም፤ ማንም አልሳቀም፤ ማንም ሰዓቱን አላየም። ሜትርን ግን እጇን በላት፣ ሳታስበው ተዘረጋ። አሮጊቷ በሚንቀጠቀጥ እጇ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው፣ ልጄ። ሁሉም በገዛ እጁ ነው የሚተክለው። በወር አንድ። እጁ የራሱ መሆኑን እስኪያምን ድረስ።»

ሹፌሩ ክሩን ወዲያና ወዲህ አጠላለፈው። ቋጠሮውን በላይ በኩል አሰረው፤ ከሥር መደበቅ መች ያውቅበትና። ሜትር ያንን ቋጠሮ ታውቀዋለች። ሦስቱን በጣቷ ዳብሳቸዋለች። ሦስት ወር ሙሉ ሌት ተቀን የሰደበቻት ሴት ባሏ ነበር። ከነሃያ ሁለት ዓመት የሙያ ልምዷ የባሏን እጅ አላወቀችውም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እንኳ መርፌ አስይዛው አታውቅም። ሁሉን ነገር እሷ ናት የምታደርግለት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ከሌላ ሴት ጋር መጣላት ይቻላል፣ ከባሏ የራሱ እጅ ጋር እንዴት ትጣላ?

በዚህ መሀል የአሮጊቷ ስልክ ጮኸ። እዚያ ክፍል ውስጥ የማይዘጋ ስልክ የእሷ ብቻ ነው፤ የጨነቀው የሚደውለው ለእሷ ነው። ቁጭ እንዳለች አነሳችው።

«አለሁ፣ ልጄ… አትንካው። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት… የት ነው ያለው? … ስፌት መኪናው አጠገብ? … ማን አስቀመጠው?»

ለካ «ማክሰኞ» አሮጊቷ ናት፤ ለካ አሁን የደወለውም ባሏ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ባሏ ቤት ገብቷል። ጠርሙሱ ፊቱ ነው። አልማዙ፣ ሦስቱ ቁልፎች፣ የታጠበው ሳህን፣ ሁሉም ነገር አንድ ክዳን ላይ ቆሟል። ተነሳች። ሰዎቹ ሁሉ አዩዋት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሚስቱ ነኝ። እኔ አልጠጣም፣ ዋሽቼ ነው የመጣሁት። ጠርሙሱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንዲጠጣ ፈልጌ ነበር።»

ማንም አልተናገረም። የዚያ ክፍል ሕግ ሰው ሲናገር መመለስ የለም ነው፤ ሜትር ግን ያንን አታውቅም፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አሮጊቷ ስልኩን ሰጠቻት። ተቀበለች። በማዶው የባሏ ትንፋሽ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለችው ደግማ። «እየመጣሁ ነው። ይቅር በለኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

መስታወት ቆራጩ ሳይጮህ፣ «ሜትር፣ አሁን አንቺን አልችልም» አለ። «እሷን መልሺልኝ።»

በሕይወቷ ከሰማችው ነገር ሁሉ ይሄ የከፋው ነበር። ስልኩ እጇ ላይ ከበደ። ቢቆረጥ፣ ብትዘጋው፣ እሱ ብቻውን ከጠርሙሱ ጋር ነው፤ ስትደርስ እንደድሮው ታገኘዋለች፣ ጫማ አለ፣ ልቅሶ አለ። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈባት። ስልኩን ለአሮጊቷ መለሰችላት። አሮጊቷም ወዲያው «አለሁ፣ ልጄ» ብላ ቀጠለች፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ድሮ አውቶቡሶች፣ ስለ ምንም ነገር። ሜትር በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ መስታወት ቆራጩ ኮቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል፣ ስልኩ ፊቱ ነው። ጠርሙሱ መታጠቢያው ውስጥ ተዘቅዝቆ ቆሟል፤ ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ክዳኑን የከፈተው ሊደፋው ይሁን ሊጠጣው አልጠየቀችም። እስካሁንም አልጠየቀችም። ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ለምን?» አላት።

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«መጀመሪያ በአንዲት ሴት። በኋላ በአንተ» አለችው። «ስትሰክር የእኔ ነበርክ።»

ሊቆጣ አስቦ ነበር መሰል፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ፊቱን በመዳፉ አበሰና የዛሬውን እንደማይረሳው ነገራት። እሷም እንደማትረሳው ነገረችው። ከዚያ መቀሱን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፣ እጀታውን ወደ እሱ አዙራ። የታችኛውን ቁልፍ በዓይኗ አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ።

«ወሩ ማክሰኞ ነው የሚሞላው። ደግሞም ሰው ፊት መሆን አለበት።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለችው።

ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። እሁድ አለፈ፣ ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ኮቱን ይዞ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠ። «አትረጂኝም» አላት። «አልረዳህም» አለችው።

የእሷን ክር ቆረጠ። ሃያ ጊዜ የተመላለሰ ያህል ጥብቅ ነበርና መቀሱ ሁለቴ ተንሸራተተ። ጥቁር ክር አቀረበችለት፤ አልፈለገም፣ ከኪሱ ቡናማውን አወጣ። ክሩ ቀዳዳውን ሳተ። ደግሞ ሳተ። ሜትር እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው። ጣቶቿ ደነዘዙ፣ አልተነሳችም። ጥቂት እንኳ ወደ ግራ ቢያደርገው ይገባ ነበር፤ አልነገረችውም። ምላሱን በጥርሱ መሀል ይዞ፣ ዓለምን ረስቶ፣ እሷንም ረስቶ፣ ያቺን ቀጭን መርፌ ብቻ ያይ ነበር፤ እሷን እንዲያ አይቷት አያውቅም።

ክሩ ገባ። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፣ እጁም አልተንቀጠቀጠም። ሜትርም ፈገግ አለች፤ በዚያች መርፌ ግን ቀናች።